መቃኑ ላይ የተጻፈ

ከዳንግሬክ ተራራ፣ ከገደሉ አፋፍ፣
ፕራሳት ክቫው ይባላል፣ ያሸዋ ድንጋይ ደጃፍ፤
ጣራው የወደቀ፣ ግድግዳው ያበጠ፣
የዋርካ ሥር መጥቶ ጎኑን የጨበጠ።
በግቢው መካከል ቢጫ ገመድ አለ፣
ከናይሎን የተፈተለ።
በደቡብ የኛ ዘብ፣ በሰሜን የነሱ፣
ባንድ ደረጃ ሰግደው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣
ጠመንጃ የሚያነሱ።

እኔ ወረቀት ደብዳቢ ነኝ፤
እርጥቡን ከድንጋይ ለጥፌ፣ በጸጉር ብሩሽ ደብድቤ፣
ሲጠነክር እልጠዋለሁ፣
ፊደሉን ከነጠባሳው እንደ እባብ ቆዳ ሰብስቤ።
በስምምነቱ አንድ ከኛ፣ አንድ ከነሱ ተመደበ፤
የነሱ ቡንሎም ነው፣ የሱሪን ሰው፤
ቀን ቀን በመንግሥቱ ቋንቋ ይፈርማል፣
ድንጋይ ጣቱን ሲጨፈልቀው ግን
በእናቴ ቋንቋ ይሳደባል።

ከሁለቱ ዋና ከተማ ስልኩ አያባራም፣
«የንጉሡን ስም!» ነው፣ ሌላ ጥያቄ የለም።
ባንዱ አገር መቅደሱ የቢራ ምልክት ሆኗል፣
በሌላው የባንክ ማኅተም ላይ ተቀርጿል፤
ጠበቆች ካባቸውን ተኩሰው ይጠብቃሉ፣
«አያታችን ሠራው» የሚል መስመር ይፈልጋሉ።
የማትጠይቀን ሚንግ ሬት ብቻ ናት።
የሎተስ እምቡጥ ትሸጥ ነበር፣ ለወዲህም ለወዲያም፤
መድፍ ካጓራ ወዲህ ገበያም የለም፣ ተሳላሚም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰሜኑ መቃን
የድንጋይ ሽበቱን ፍቀን ፍቀን
ጽሑፍ አገኘን።
ቡንሎም ባትሪውን በአግድም ያዘ፣ ጥላው ፊደሉን እንዲያጎላው፤
እኔ አነበብኩ፣ እሱ ጻፈው።
ንጉሥ የለም። ድል የለም። ወሰን የለም።
እንዲህ ይላል፦

«ለአምላኩ የተሰጠ፦
በሬ ዐሥራ ስምንት፣ ማር ሁለት ማሰሮ።
ሩዝ የሚወቅጡ፦ ውሻ፣ የውሻ እናት፣ ግማቱ።
ውሃ የምትቀዳ፦ ጥቁሯ፣ ከጡት ሕፃን ጋር።
ድንጋይ የሚጎትቱ፦ አይወደድ፣ ድመት፣ የዝናቡ ቀን ልጅ፤
የጠፋ አንድ፣ የሞተ ሁለት።
አበባ የሚጎነጉን፦ ስሙ ያልታወቀ።»

«ባሪያዎች ናቸው» አለ ቡንሎም፣
እጁን ከመቃኑ ሳያነሳ።
«እሺ፣ የማን አያት ናቸው እንበል?»
ዝም አልኩ። የኔ ለማለት
ምላሴ ለምን እንደከበደኝ እስካሁን አላውቅም።
ንጉሡን ለመውረስ ሁለት መንግሥት ተሰልፏል፣
ግማቱን የሚወርስ አንድ ሰው ጠፍቷል።

ማታ ሪፖርት ጻፍን፣ በሁለት ቋንቋ።
ከኔ አለቃ መልስ መጣ፦ «ሌላ መቃን ፈልጉ።»
ከሱ አለቃ መልስ መጣ፦ «ሌላ መቃን ፈልጉ።»
ሳቅን፣ እንባችን እስኪመጣ።
ሳቁን ሰምቶ ከወዲህም ከወዲያም ዘብ ተጠጋ፣
ጢም ያላወጡ ልጆች። አነበብንላቸው።
«ውሻ» ሲባል የኛው ተንከተከተ፤
የነሱ ልጅ መሬት መሬት እያየ
«እኔንም እናቴ አይጥ ነው የምትለኝ» አለ፣
«ስታረግዘኝ ሁለት ቀብራ ነበር፤
ሞት ሰምቶ እንዳይመኘኝ።»
ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

ወረቀቱ ገና እርጥብ ነው፤ ደመናው ከሜዳው ይነሣል።
የሚሰጣበት ፈለግን፤ ዋርካው ጉንዳን ወርሶታል፣
ድንጋዩ ላብ አልቦታል።
ከቢጫው በቀር ሌላ ገመድ አልነበረም።
ሰቀልነው።
ከወዲህ ለሚያየው ፊደሉ ቀና፣ ከወዲያ ግልብጥ፤
ነፋስ ሲያዞረው ደግሞ
ግልብጡ ወደኛ፣ ቀናው ወደነሱ።
ሁለቱ ልጆች፣ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣
ጠርዝ ጠርዙን ያዙልን፣ እንዳይቀደድ።

ሚንግ ሬት በጭቃው መንገድ ወጣች፣
ባዶ ቅርጫቷን ከዝናቡ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ።
ዓይኗ ደክሟል፤ የታጠበ ነገር መሰላት።
«ኧረ ዝናቡ መጣ!» አለች፣
«ይሄ የተሰጣው የማን ልብስ ነው?»